የአንድ ደቂቃ ሠራተኛ

ቦሌ ውስጥ የሰው ሕመም ተደብቆ ሊኖር ይችላል፤ የመኪና ሕመም ግን አይደበቅም። ጎረቤትህ ስኳር ይኑርበት ደም ግፊት፣ ስንት ዓመት አብረኸው ቡና ጠጥተህ ላታውቅ ትችላለህ። ዳሽቦርዱ ላይ ያቺ ቢጫ የሞተር ሥዕል ከበራች ግን እስኪመሽ ጥበቃው ሰምቷል፣ የሱቁ ልጅ ሰምቷል፣ ካፌ በር ላይ መኪና የሚያስቆሙት ልጆችም ሰምተዋል። ሁሉም ደግሞ መድኃኒቱን ያውቃል። አንዱ "ቤንዚኑ ነው፣ ማደያ ቀይር" ይላል። ሌላው "ካንዴላ ነው" ይላል። ሦስተኛው "ባትሪውን ዓሥር ደቂቃ ንቀለውና መልሰህ እሰረው፣ ይረሳዋል" ይላል። ይህ ሦስተኛው ሰው በየሰፈሩ አይጠፋም፤ ለመኪናም ለትዳርም የሚሰጠው ምክር አንድ ነው።

እኔ መኪና የለኝም። ስለ መኪና ለመጻፍ ጊዜ የተረፈኝም በዚሁ ምክንያት ነው። ያለኝ ገርጂ ውስጥ የተከራየሁት የምድር ቤት ክፍልና አንድ መስኮት ነው። መስኮቱ የሚያየው የግቢውን መኪና ማቆሚያ ሲሆን፣ ከፍታውም ከመኪኖቹ ጭስ ማውጫ ጋር ልክ በልክ ነው። አከራዬ ክፍሉን ሲያሳዩኝ "ነፋሻማ ነው" ብለውኝ ነበር። አልዋሹም፤ የሚነፍሰው ምን እንደሆነ ግን አልነገሩኝም።

በዚህ መስኮት በኩል ከማውቃቸው መኪኖች ሁሉ ትልቋ የጎረቤቴ የጋሼ ቶዮታ ፎርራነር ናት። 2006 ሞዴል፣ ስምንት ሲሊንደር፣ 4.7 ሊትር ሞተር፣ ቤንዚን። እህታቸው ከአሜሪካ ጠቅልላ ስትመጣ ይዛት ገባች፤ እንደገና ጠቅልላ ስትመለስ ለወንድሟ ተወችላቸው። ጋሼ ጡረተኛ ናቸው። መኪናዋን የሚወዷት ከልጆቻቸው እኩል ነው ብል ልጆቻቸው ይከፋቸዋል፤ ዝቅ አድርጌ ብናገር ደግሞ ጋሼ ይቀየሙኛል።

አንድ ቀን ጋሼ በጎሮ በኩል ሲሄዱ ባጃጅ ቀደማቸው። ሲቀድማቸው ቆመው አልነበረም፤ ነዳጁን እስከ መጨረሻው ረግጠው ነበር። ስምንቱ ሲሊንደር እያጓራ መኪናዋ ግን ንቅንቅ አልል አለች፤ ዳሽቦርዱ ላይ ቢጫዋ መብራት በርታለች። ባጃጁ ውስጥ የነበረች ሴትዮ አዘነችላቸው፤ ጋሼን የጎዳቸው ደግሞ ከመቀደሙ ይልቅ ይኼ ነበር። በማግስቱ ሰሚት አካባቢ ካለ ጋራዥ ደረሱ። መካኒኩ ወጣት ነው፤ ኮምፒውተሩን ሰክቶ ፒ 2440 የሚል ቁጥር አወጣና "ጋሼ፣ የአየር ፓምፑ መስመር ነው" አላቸው።

"ጎማ መንፊያ አላት እንዴ?" አሉት።

ልጁ አልሳቀም። ይህን ጥያቄ የሰማው የመጀመሪያ ጊዜው እንዳልሆነ ያስታውቅ ነበር።

ነገሩ እንዲህ ነው። ጠዋት ሞተር ሲነሣ ብርድ ላይ ስለሆነ ኮምፒውተሩ ቤንዚን ጨመር ያደርግለታል። ከተጨመረው ውስጥ የተወሰነው ሳይነድ ከጭሱ ጋር ይወጣል። ጭሱን እንዲያጣራ የተቀመጠው ካታላይዘር ደግሞ 250 ወይም 300 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ እስኪሞቅ ድረስ ሥራ አይጀምርም። ስለዚህ መኪና ከሚለቀው መርዘኛ ጭስ ከባዱ የሚወጣው በመጀመሪያዋ ደቂቃ ነው፤ ባለቤቱ ቀበቶውን እያሰረ፣ ሬዲዮ እየፈለገ፣ "ስልኬን ረሳሁ" እያለ ባለባት ደቂቃ። ለዚያች ደቂቃ ተብሎ አንድ የኤሌክትሪክ ፓምፕ ተገጥሟል። ሞተሩ ሲነሣ ይነሣል፤ ንጹህ አየር ስቦ ጭሱ ውስጥ ይነፋል፤ ሳይነድ የወጣው ቤንዚን አየር ሲያገኝ እዚያው ቧንቧው ውስጥ ይነድዳል፤ ሙቀቱም ካታላይዘሩን ቶሎ ያነቃዋል። ከዚያ ፓምፑ ይጠፋል፤ በሩም ይዘጋል። እስከ ማግስቱ ማንም አይፈልገውም። ሞተሩ ሞቆ ከተነሣ ጭራሽ አይቀሰቀስም።

እኔ ይህን ስሰማ ለፓምፑ አዘንኩለት። መኪና ላይ ያለ አብዛኛው ዕቃ ለባለቤቱ ነው የሚሠራው። ፍሬኑ ለእሱ ነው፣ መሪው ለእሱ ነው፣ የወንበሩ ማሞቂያ እንኳ ለእሱ ነው። ይህ ፓምፕ ግን ከኋላ ለሚሄደው ሰው ይሠራል፦ ትምህርት ቤት ለሚሄደው ልጅ፣ በሩ ላይ ቆሎ ለምትሸጠው ሴትዮ፣ ምድር ቤት ለተከራየ ጸሐፊ። ባለቤቱ ጥቅሙን አያየውም፤ ሲበላሽ ግን ወጪው የባለቤቱ ነው። እንዲህ ያለ ዕቃ ደግሞ የሚወደው አያገኝም።

የተፈጠረውም እንዲህ ባለ ሙግት መካከል ነው። በ1960ዎቹ አጋማሽ (እ.ኤ.አ.) የሎስ አንጀለስ ሰዎች ከጭስ የተነሣ ዓይናቸው ሲያለቅስ፣ የካሊፎርኒያ ግዛት መኪና ሠሪዎቹን አስገደደቻቸው፤ እነሱም ጭስ ውስጥ አየር የሚነፋ ፓምፕ ሞተር ላይ ማሰር ጀመሩ። ያኔ ፓምፑን የሚያዞረው ሞተሩ ራሱ ስለነበር ጉልበት ይሻማል እየተባለ ይረገም ነበር። በ1970 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ.) የወጣው የአሜሪካ የንጹህ አየር ሕግ ነገሩን አጠበቀው፤ ካታላይዘር መጣ፤ ፓምፑም በኋላ የራሱ የኤሌክትሪክ ሞተር ተሰጠውና ለጠዋቷ ደቂቃ ብቻ ተቀጠረ። በብዙ የጀርመን መኪኖች ላይ አለ፤ ከ2005 ሞዴል ወዲህ ባሉት በብዙዎቹ ባለ ስምንት ሲሊንደር የቤንዚን ቶዮታዎችም ላይ አለ። ከተማው ውስጥ "ቪ ኤት" ሲባል ሰው መንገድ የሚለቅላት የናፍጣዋ ላንድክሩዘር ግን የላትም። ኮሮላ ዲኤክስም የላትም። ዲኤክስ ምንም የላትም፤ ረጅም ዕድሜዋም ከዚያ ሳይመጣ አልቀረም።

እና አዲስ አበባ ምን አላት? ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ስለተቀመጠች አየሯ ከባሕር ወለል ሲነጻጸር በሩብ ገደማ የሳሳ ነው። ቦሌ የሚነሣው አውሮፕላን ረጅም መንደርደሪያ የሚፈልገው ለዚህ ነው፤ ሯጮቻችን የሚያሸንፉትም ለዚህ ነው ይባላል። ሞተርም ሆነ ፓምፕ የሚስበው ይህንኑ ሳሳ ያለ አየር ነው። በኅዳርና በታኅሣሥ ደግሞ ጠዋቱ ከ10 ዲግሪ በታች ይወርዳል፤ ያኔ ሞተር ሲነሣ ከጭስ ማውጫው ውሃ ጠብ ጠብ ሲል ይታያል። ብዙ ሰው ይህን ሲያይ ይደነግጣል። መደንገጥ አያስፈልግም፤ አንድ ሊትር ቤንዚን ሲነድ አንድ ሊትር ገደማ ውሃ በእንፋሎት መልክ ይወጣል። ቧንቧው ከሞቀ እንፋሎቱ ወጥቶ ይሄዳል። ቧንቧው ቀዝቃዛ ከሆነ ግን እዚያው ውሃ ሆኖ ይቀመጣል። ፓምፑን የሚገድለው ይህ ውሃ ነው። ፓምፑንና ጭሱን የሚለየው ቫልቭ እርጥበት ጠጥቶ ይዝጋል፣ ከተዘጋበት አልከፈትም ወይም ከተከፈተበት አልዘጋም ይላል። ተከፍቶ ከቀረ ትኩሱና እርጥቡ ጭስ ወደ ኋላ ተመልሶ ፓምፑ ውስጥ ይገባል። ኮምፒውተሩም ይህን ሲያውቅ የባሰ ጉዳት እንዳይመጣ የሞተሩን ጉልበት ይቀንሳል። ባጃጅ የሚቀድምህ ያኔ ነው።

መካኒኩ ይህን ከነገራቸው በኋላ ጋሼን አንድ ጥያቄ ጠየቃቸው። "ጋሼ፣ መኪናዋን አስነሥተው ወዲያው የሚያጠፉበት ጊዜ አለ?"

ጋሼ "በፍጹም" አሉ። አልዋሹም፤ አስነሥቶ የሚያጠፋው ጥበቃው ነው።

እዚህ ላይ ግቢያችንን ማስረዳት አለብኝ፤ ቦሌ ውስጥ የሚኖር ሰው ግን ሳልናገር ያውቀዋል። ግቢው ለሁለት መኪና ተብሎ የተሠራ ነው፤ የሚያድሩት አምስት ናቸው። አንዱ በአንዱ አፍንጫ ላይ ተሰልፈው ያድራሉ። ሥርዓቱ መጀመሪያ የሚወጣ መጨረሻ ይግባ የሚል ነው፤ እንዲህ ዓይነት ሥርዓት ደግሞ በወረቀት ላይ ያምራል። ጋሼ ጡረተኛ ስለሆኑ ውስጥ መግባት የነበረባቸው እሳቸው ነበሩ። ነገር ግን ውስጠኛው ቦታ የቆርቆሮ ጥላ አለው፣ ፎርራነሯ ደግሞ ጣሪያዋ ላይ የዕቃ መጫኛ አላት፤ አትገባም። ስለዚህ ማንም የማይቸኩልባት መኪና በር ላይ ታድራለች፤ ቸኳዮቹ አራቱ ከኋላዋ ናቸው።

ከጠዋቱ 12 ሰዓት ተኩል ሲሆን መምህሯ በቪትዟ ልትወጣ ትመጣለች። ጥበቃው ቀበቶው ላይ ካንጠለጠላቸው ቁልፎች የጋሼን ይመዝዝና ፎርራነሯን ያስነሣል። ፓምፑ ይጮኻል፤ ፀጉር ቤት ውስጥ ካስክ ተከፍቶ የሚሰማውን ድምፅ አስቡት። ወደ ውጭ ያወጣታል፣ መንገድ ዳር ያቆማታል፣ ያጠፋታል። ቪትዟ ትወጣለች። ፎርራነሯ ትነሣለች፤ ፓምፑ ይጮኻል፤ ትገባለች፤ ትጠፋለች። ገና ወንበሩን ሳይለቅ የባንክ ሠራተኛው ክራቫቱን እያሰረ ብቅ ይላል። "ጥበቃ! አውጣልኝ!" ፓምፑ ይጮኻል። ከዚያ ልጆች ወደ ትምህርት ቤት፣ ከዚያ የምክር ሰው የሆነው ጎረቤታችን ወደ ሥራው፤ ባትሪ ንቀል ባዩ እሱ ነው። ፀሐይ ሳትሞቅ ስምንቱ ሲሊንደር ስንት ጊዜ ተነሥቶ እንደጠፋ ጥበቃው አይቆጥርም፤ እኔ ግን መስኮቴን ዘግቼ እቆጥራለሁ። በእያንዳንዷ መነሣት ሞተሩ ቤንዚን በዝቶለት ይነሣል፣ እንፋሎቱ ቧንቧው ውስጥ ይቀራል፣ ቫልቩ ይርሳል፣ ሳይደርቅም ይጠፋል። በቀን አንድ ጊዜ ይሠራ የተባለ ፓምፕ የአምስት አባወራ ሎሌ ሆኗል።

ከዚህ ሁሉ በኋላ ጋሼ ረፋዱ ላይ ይነሡና ራሳቸው መኪናዋን ያስነሣሉ፤ ዳቦ ሊገዙ። ዳቦ ቤቱ በእግር ሦስት ደቂቃ ነው። በእግራቸው ልሂድ ቢሉ ደግሞ ሰፈሩ አያስቀምጣቸውም፤ ፎርራነር ያለው ሰው ዳቦ በፌስታል አንጠልጥሎ በእግሩ ከታየ "ጋሼ፣ መኪናዋ ምን ሆነች?" የማይል የለም። ይህን ጥያቄ ለማምለጥ ሁለት ቶን ብረት ለአራት ዳቦ ይንቀሳቀሳል። ሙቀቱን የሚያሳየው መርፌ ገና ከታች እንዳለ ይመለሳሉ።

መካኒኩ ያረጀውን ፓምፕ ሲፈታ ጋሼ ጠርተውኝ አብሬያቸው ነበርኩ። መጀመሪያ ለማውጣት ብዙ ነገር መነቀል ነበረበት፤ አንዳንድ መኪና ላይ ይህን ዕቃ የሚያስቀምጡት ሰው እንዳይደርስበት ይመስላል። ሲወጣ ጎኑን አዘንብሎ ያዘው፤ ቡናማ ውሃ መሬት ላይ ፈሰሰ። ክዳኑን ከፈተ። አየር እንዲያጣራ የተቀመጠው ስፖንጅ ጠቁሮ፣ ጣት ሲነካው እየተፈረፈረ ይረግፋል፤ ፍርፋሪውም ተስቦ ከሚዞረው ክፍል ጋር ተጣብቋል። ልጁ ዘንጉን በጣቱ ሊያዞረው ሞከረ፤ እንቢ አለ። በረታ አድርጎ ሲያዞረው ተንጋጋ። "ኩሽኔታው ዝጓል" አለ። ጋሼ መነጽራቸውን አውጥተው ለረጅም ጊዜ ተመለከቱትና "ይኼ ሁሉ እዚህ ውስጥ ሲሆን እኔ የት ነበርኩ?" አሉ።

ልጁ ከዚያ በኋላ የተናገረውን እዚህ የማሰፍረው እንዲህ ያለ መኪና ላላቸው ሁሉ ይጠቅማል ብዬ ነው። መጀመሪያ ነገር፣ ጠዋት ሬዲዮውን ሳትከፍት አድምጥ አለ። ብርድ ላይ ሲነሣ ፓምፑ መጮኽ አለበት፤ አንድ ደቂቃም ሳይሞላ ወይም ትንሽ አለፍ ብሎ ዝም ማለት አለበት። ጭራሽ ካልጮኸ ፓምፑ ሞተ ብለህ አታልቅስ፤ ፊውዙንና ሪሌውን አስቀድመህ እይ፤ ብዙ ጊዜ ርካሹ ነገር ነው። ድምፁ ተለውጦ ማፏጨት ወይም መፋተግ ከጀመረ ገና ሳይሞት ጋራዥ ውሰደው። ዝም ማለት ካለበት ሰዓት አልፎ የሚጮኽ ከሆነ ደግሞ አንድም ቀን አታሳድረው፤ ሪሌው ተጣብቆ ይሆናል፤ ፓምፑ ብዙ ኤሌክትሪክ ስለሚስብ ራሱንም ገመዱንም ያቃጥላል። ስፖንጁ ሳይፈረፍር ይቀየር። ቫልቩ ከተበላሸ ፓምፑን ብቻ ቀይሮ መሄድ ገንዘብ መጣል ነው፤ የተበላሸው ቫልቭ አዲሱንም በእርጥበት ይገድለዋል።

ላቫጆ ላይ ደግሞ "ሞተሩም ይታጠብ?" ሲሉህ እጅህን አጣጥፈህ "አይታጠብ" በል። ልጆቹ ግፊት ያለውን ውሃ ኮፈን ሥር ሲለቁት ሞተሩ ያብረቀርቃል፤ ባለቤቱ ደስ ይለዋል፤ ፓምፑና ሶኬቶቹ ግን ያንን ውሃ ለወራት ይዘውት ይኖራሉ። በክረምትም ጎርፉ ከጎማው ግማሽ በላይ ከሆነ "የእኔ ረጅም ናት" ብለህ አትግባ። መኪናዋ ረጅም ናት፤ ፓምፑ የተቀመጠበት ግን ሁልጊዜ ረጅም ቦታ አይደለም።

ዋናው መድኃኒት ግን ሌላ ነበር። "ጋሼ፣ በሳምንት አንድ ቀን ረጅም መንገድ ያውጧት። ጥሩ አድርጋ ትሙቅ፤ ውሃው ከውስጧ ተንኖ ይውጣ። ቱሉ ዲምቱ ላይ ይግቡና በፈጣኑ መንገድ ቢሾፍቱ ደርሰው ይመለሱ፤ በቂ ነው።" ጋሼ ይህን የሐኪም ትእዛዝ ቤት ይዘው ገቡ። ባለቤታቸው እትዬ ስንት ዓመት ሙሉ "ሆራ ዳር ወስደህ አሳ እንኳ አላበላኸኝም" ሲሉ የኖሩ ሴት ናቸው። ሰምተው ሲያበቁ ወደ ሰማይ አዩና መካኒኩን ከነዘሩ መረቁት። አሁን በየእሑዱ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ለፓምፑ ጤና ሲባል አሳ ይበላል።

ዕቃውን ማግኘት ደግሞ ራሱን የቻለ ታሪክ ነው። አሮጌ መኪና ድሮም ክቡር ነበር፤ አሁን ግን ወራሽ የሌለው ሆኗል። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይስ ታክስ አዋጅ ያገለገለ መኪና ማስገባትን አስወደደው። በጥር 2016 ዓ.ም. ደግሞ የትራንስፖርትና ሎጂስቲክስ ሚኒስቴር ከኤሌክትሪክ በስተቀር አውቶሞቢል አይገባም አለ። ይኸው ዛሬ ቦሌ መንገድ ላይ ቢዋይዲው ድምፅ ሳያሰማ ከጎንህ ይቆማል። እነዚህ ፓምፕም ካታላይዘርም ጭስ ማውጫም የላቸውም፤ ጥበቃው መጀመሪያ ሰሞን የተነሣ መኪና አልተነሣም ብሎ ሁለቴ ሦስቴ ይጫን ነበር። የቤንዚን መኪና ያለው ሰው ግን ያለውን ይዞ መክረም ነው ዕጣው፤ እሱ ራሱ እስኪያረጅ ወይም እሷ እስክትሞት።

ጋሼና መካኒኩ መጀመሪያ ሶማሌ ተራ ወረዱ። እዚያ የማይገኝ ዕቃ የለም፤ ጥያቄው ከምን ዓይነት መኪና ሬሳ እንደወጣ ነው። አንድ ፓምፕ አገኙ። ሻጩ "ኦሪጅናል ነው፣ ጋሼ፣ ከነፋብሪካው" አለ። መካኒኩ ከባትሪ ላይ በሽቦ አገናኝቶ አስጮኸው፤ ጮኸ። ቀጥሎ ገልብጦ አራገፈው፤ ጥቁር ፍርፋሪ መዳፉ ላይ ወረደ። ስፖንጁ አልቋል፤ ዕድሜውም ከጋሼ ፓምፕ ብዙ አይርቅም። "ይህን ከገዛን የእርስዎን ሕመም በገንዘብ መልሰን ገዛን ማለት ነው" አላቸው። ሻጩ አልተቀየመም፤ ለሌላ ሰው መልሶ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠው።

ስለዚህ አሜሪካ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ተደወለ። እህታቸው ሁለት ሻንጣ፣ እያንዳንዱ 23 ኪሎ፣ ይዛ የምትመጣበት ጊዜ ደርሶ ነበር፤ ሻንጣው ግን ከወራት በፊት ተከፋፍሏል፦ የእገሌ ጫማ፣ የእገሊት ቫይታሚን፣ የማኅበሯ ሴቶች ቅባት። አሁን አንድ ፓምፕና ሁለት ቫልቭ ይጨመር ተባለ። ስልኩ በድምፅ ማጉያ ላይ ስለነበር ግቢው በሙሉ ሰምቷል። "አንተ ሰው፣ የደም ግፊትህን መድኃኒት ላውጣ ወይስ የመኪናህን ሳንባ?" ጋሼ ትንሽ ማሰባቸውን እትዬ እስከ ዛሬ ይቅር አላሉም።

ዕቃው እስኪመጣ ባሉት ሳምንታት ግቢያችን በሁለት ተከፈለ። የባትሪ ንቀል ወገን አሁን የባሰ ሐሳብ ይዞ መጣ፦ "ለምን አይደፈንም?" ይህ ይቻላል። ቀዳዳዎቹን በብረት ዘግቶ፣ ኮምፒውተሩን ደግሞ "ሁሉ ደህና ነው" ብላ የምትዋሽ ትንሽ ዕቃ መግጠም ነው። መኪናዋ ትሄዳለች፣ ጉልበቷ ይመለሳል፣ መብራቱ ይጠፋል። አሜሪካ ውስጥ እንኳ ጭስ በማይመረመርበት ግዛት ይህን የሚያደርግ ብዙ ነው። ወጪውም ከአዲሱ ፓምፕ ጋር አይወዳደርም። ጋሼ ወደዚህ ሐሳብ እያዘነበሉ ሄዱ፤ ክርክራቸውም ቀላል አልነበረም። "እስቲ ንገረኝ" አሉኝ አንድ ማታ፣ "ከፊቴ ያለው አይሱዙ ጥቁር ጭስ እያንቦለቦለ መገናኛን ሲያቋርጥ፣ የእኔ የአንድ ደቂቃ ነገር ለአዲስ አበባ ምን ይጨምራል? ደግሞስ ኅዳር 12 ሲሆን ከተማው በሙሉ ቆሻሻ አቃጥሎ ሲታጠን የሚውል አይደለም?"

የኅዳሩ ነገር እውነት ነው። በ1911 ዓ.ም. የኅዳር በሽታ ሕዝቡን ሲፈጅ ከተማዋን ለማንጻት የተጀመረው ጭስ፣ መቶ ዓመት አልፎትም እየተከለከለም በየሰፈሩ ይጨሳል። አይሱዙውም እውነት ነው። በስሌት ከሄድን ጋሼን የሚረታ የለም።

እኔ ግን ስሌት አልተከራየሁም። "ጋሼ" አልኳቸው፣ "አይሱዙው መስኮቴ አጠገብ አያድርም።"

ዝም አሉ። ከዚያ መስኮቴን ለመጀመሪያ ጊዜ ያዩ ይመስል ከማርሚታዋ እስከ መጋረጃዬ ያለውን ርቀት በዓይናቸው ለኩ። የባትሪ ንቀል ወገን "መስኮቱ ይደፈን" የሚል አማራጭ አቀረበ፤ ለመደፈን ያለው ፍቅር ልዩ ነው። እትዬ ከበረንዳ ሆነው የሰጡት ፍርድ ግን ነገሩን ቆረጠው። ፓምፑ ከተደፈነ የቢሾፍቱው እሑድም አብሮ እንደሚደፈን ከሁላችንም ቀድመው የገባቸው እሳቸው ናቸው።

ፓምፑ መጣ። ሻንጣው ውስጥ በሕፃን ልብስ ተጠቅልሎ ነበር። ከሁለቱ ቫልቮች ጋር ተገጠመ፤ ሪሌውም አብሮ ተቀየረ። ጣሪያ ላይ ያለው የዕቃ መጫኛ ተነቅሎ ወረደ፤ ፎርራነሯም የቆርቆሮው ጥላ ሥር ገብታ ማደር ጀመረች። ይህን ያህል ዓመት አምስት አባወራ ያወከው ነገር አራት ቡሎን ነበር። በር ላይ አሁን የሚያድረው የባንክ ሠራተኛው አዲስ የኤሌክትሪክ መኪና ነው፤ መቶ ጊዜ ቢነሣና ቢጠፋ ቅር አይለውም። ጋሼም ዳቦ በእግራቸው ይገዛሉ። መኪናዋ ምን ሆነች ብሎ የሚጠይቃቸውን ሁሉ አቁመው ስለ እርጥበትና ስለ ቫልቭ ስለሚያስረዱት፣ ዳቦው እቤት ሲደርስ ይቀዘቅዛል፤ ጠያቂውም ሁለተኛ አይጠይቅም።

ከሁሉ የተለወጠው ጥበቃው ነው። ጋሼ "ጠዋት ጠዋት ጆሮህን ጣል" ብለው ኃላፊነት ሰጡት፤ እሱም ኃላፊነቱን ከግቢው አሰፋው። ጋቢውን ተከናንቦ በር ላይ ይቆምና በመንገዱ የሚነሣውን መኪና ሁሉ ያዳምጣል፤ የትኛው ጎረቤት ሪሌ እንደሚያስፈልገው ከባለቤቱ ቀድሞ ያውቃል። ባለፈው ቅዳሜ የባንክ ሠራተኛው ዘመድ በጀርመን መኪና መጥቶ አደረ። በማለዳ አስነሥቶ ሊወጣ ሲል ጥበቃው መስታወቱን ቆረቆረ።

"ጌታዬ፣ የእርስዎ አልተነሣም።"

እንግዳው ዳሽቦርዱን አየና "ተነሥቷል እኮ፣ አይሰማህም ሞተሩ?" አለው።

"ሞተሩን ማን ጠየቀዎት" አለ ጥበቃው።